የአጥቢያው መዝገብ ሲጎድል፦ የ1600ዎቹን እንግሊዛዊ ቅድመ አያት የት እንፈልገው?

አማቴ እንግሊዛዊት ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ አንድ ወፍራም ሰማያዊ ፋይል አለ። የቤተሰቡ የትውልድ ሐረግ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ «ሰባት ቤት ቁጠር» ስባል በቃሌ እወጣው ነበር። እሳቸው ደግሞ አስራ ሁለት ትውልድ በወረቀት አስረው አስቀምጠዋል። ፋይሉ የሚያልቀው ጆን በሚባል ሰው ነው። በ1636 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ ክርስትና ተነሳ፣ በ1663 አገባ ይላል።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሥራ ስፈታ የዚያኑ አጥቢያ የቀብር ገጾች ማገላበጥ ጀመርኩ። ጆን በ1638 ተቀብሯል። ያው የቤተሰብ ስም፣ ያው አባት። የሁለት ዓመት ሕፃን አስራ አንድ ትውልድ ሲያፈራ ኖሯል ማለት ነው። ለአማቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ እኛ የማን ልጆች ነን?» አሉኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ የኔም ሥራ ሆነ። እንግሊዝ ተጋብታችሁ ከሆነ፣ ወይም ልጆቻችሁ በአንድ ወገን የዚህ አገር ሰዎች ከሆኑ፣ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይደርሳችኋል። መዝገቡ ቀዳዳ ሲኖረው የትኛውን ሰነድ ቀድሞ መያዝ እንደሚያዋጣ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቀዳዳው ከየት መጣ?

ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ነው። መዝገቡ ለምን እንደጎደለ ሳያውቁ ወደ ሌላ ሰነድ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው።

የእንግሊዝ የአጥቢያ መዝገብ የተጀመረው በ1538 ነው። የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ቀኝ እጅ የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትናን፣ ጋብቻንና ቀብርን በየሳምንቱ እንዲጽፍ አዘዘ። መጽሐፉ ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ ተባለ፤ አንዱ ቁልፍ ከቄሱ ዘንድ፣ ሌላው ከአጥቢያው ሹሞች ዘንድ። ያልጻፈ ሦስት ሺሊንግ ከአራት ፔንስ ይቀጣል። በዴቨንና በኮርንዎል ሕዝቡ «ይሄ ነገር ግብር ሊጣልብን ነው» ብሎ አጉረመረመ። ሰው ሁሌም ሰው ነው።

የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች አብዛኞቹ የወረቀት ነበሩ። እርጥበትና አይጥ ጨረሳቸው። በ1598 ሁሉም ወደ ብራና ይገልበጥ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ግን ትእዛዙ ውስጥ አንዲት የማምለጫ ቀዳዳ ነበረች፦ ከመጀመሪያው ጀምሮ ገልብጡ፣ በተለይ ግን ከንግሥት ኤልሳቤጥ የመጀመሪያ ዓመት ወዲህ ያለውን። ይህ 1558 መሆኑ ነው። ብዙ ቄሶች «በተለይ» የምትለዋን ቃል ይዘው የቀደመውን ሃያ ዓመት ተዉት። ስለዚህ መዝገባችሁ በ1558 የሚጀምር ከሆነ ከዚያ በፊት የተወለደን ሰው ክርስትና እዚያ በመፈለግ አትድከሙ። ቢኖርም ጠፍቷል።

ሁለተኛው ትልቅ ቀዳዳ የእርስ በርስ ጦርነቱና ከሱ በኋላ አገሩ ያለ ንጉሥ የቆየበት ዘመን ነው፤ ከ1642 እስከ 1660 ድረስ ያለው። ቄሶች ተባረሩ፣ መጻሕፍት ተደበቁ። በ1653 የወጣው ሕግ ደግሞ መዝገቡን ከቄሱ ነጥቆ ሕዝብ ለመረጠው ጸሐፊ ሰጠ። በክርስትና ቀን ፈንታ የልደት ቀን ይጻፍ ተባለ። ጋብቻም በዳኛ ፊት ሆነ። ሁሉም አጥቢያ ይህን በእኩል አልፈጸመም።

ሦስተኛው ዓይነት ቀዳዳ ጉድለት ነው ለማለት እንኳ ይቸግራል። መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ሰውየው ብቻ አይገኝም። ይሄኔ ምናልባት የተወለደው ጎረቤት አጥቢያ ነው። ሴቶች ብዙ ጊዜ በገዛ አጥቢያቸው ነው የሚዳሩት፤ የመጀመሪያውን ልጅም እናታቸው ዘንድ ሄደው የሚያስጠምቁ ነበሩ። በካርታ ላይ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ የሚያህል ክብ አስምሩና ውስጡ ያሉትን አጥቢያዎች በሙሉ እዩ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከሌላው ሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ይህ ነው።

አንዲት ነገር ጣልቃ ላስገባ። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። መልአኩ ማርያምን ያበሰረበት ቀን ነው። አገሩ ያኔ በጁልያን አቆጣጠር ስለነበር ቀኑ ከእኛው መጋቢት 29 ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ኖቬምበር 1640 ክርስትና የተነሳ ልጅ ጃንዋሪ 1640 ተቀበረ የሚል ካያችሁ ጸሐፊው አልሰከረም። ልጁ የሞተው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር ጃንዋሪ 1641። ዘመን በመስከረም የምንለውጥ ሰዎች ስለሆንን እኛን ይህ ብዙ አያስደነግጠንም። የእንግሊዝ ዘመዶቻችን ግን እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት።

እንደ ምሳሌ የምትሆነን ሴት

ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች አየር ላይ ከማወዳደር አንድ ሰው ይዘን ብንሄድ ይሻላል። የሼክስፒርን ሚስት መረጥኩ። ሰውየው ስለታወቀ የሱም የሷም ወረቀት አንድ በአንድ ተበጥሯል። ግን ለክርስትናዋ መዝገብ የለም።

የሼክስፒር የትውልድ ከተማ የስትራትፎርድ አጥቢያ መዝገብ የሚጀምረው በ1558 ነው። ዛሬ ያለው መጽሐፍ ራሱ በ1600 ገደማ ወደ ብራና የተገለበጠው ነው። ኤፕሪል 26 ቀን 1564 ላይ በላቲን «ጉልየልሙስ፣ የዮሐንስ ሼክስፒር ልጅ» ይላል። ዊሊያም ማለት ነው። በቃ፤ የልደት ቀን የለም። በእኛ ልማድ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሳሉ ብላችሁ ወደ ኋላ እንዳትቆጥሩ፤ እነሱ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ነበር የሚያስጠምቁት።

ሚስቱ አን ግን ኦገስት 6 ቀን 1623 ሞተች። መቃብሯ ላይ ያለው የናስ ሰሌዳ 67 ዓመቷ ነበር ይላል። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ 1556 ገደማ ትደርሳላችሁ። መዝገቡ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት በፊት! ጋብቻቸውም በየትኛውም አጥቢያ መዝገብ ላይ አልተገኘም። እንግዲህ ይህች ሴት የማን ልጅ ናት?

የጳጳሱ ቅጂ ወይስ የጋብቻ ዋስትና?

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሊሄድበት የሚገባው የጳጳሱ ቅጂ ነው። ከ1598 ጀምሮ አጥቢያዎች የዓመቱን መዝገብ ገልብጠው ለጳጳሱ እንዲልኩ ታዘዙ። ዋናው መጽሐፍ ቢቃጠል፣ ገጹ ቢቀደድ፣ ቀለሙ ቢለቅ፣ ቅጂው ሀገረ ስብከቱ ዘንድ ይገኝ ይሆናል። አንዳንዴ ቅጂው ዋናው ያልያዘውን ይይዛል፤ አንዳንዴም ገልባጩ ቸኩሎ ሁለት ሰው ዘሏል። ሁለቱም ካሉ ሁለቱንም አንብቡ።

ችግሩ የጊዜ ነው። ከ1598 በፊት ብዙም አይረዳም። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ጳጳሳቱ ራሳቸው ስለተሻሩ ከ1640ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1660 ቅጂ የሚላክለት አልነበረም። ሰው በጣም በሚፈልገው ሰዓት የለም ማለት ነው። የጠፋባችሁ በ1610 ወይም በ1675 ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ከዚህ ጀምሩ። ለአን ምንም አያደርግላትም።

ለእሷ የሚሠራው ሌላው ነው፤ የጋብቻ ፈቃድ። አብዛኛው ሰው የሚያገባው በሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተነገረለት በኋላ ነው። የቸኮለ፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ እንዲጮህ ያልፈለገ፣ ከጳጳሱ ቢሮ ፈቃድ ይገዛል። ለዚህም ዋስ ይጠራል። በጾም ሠርግ እንደማይደገሰው ሁሉ በእንግሊዝም ከገና በፊት ባለው ወቅት ያለ ፈቃድ ማግባት አይቻልም ነበር። ዊሊያም 18 ዓመቱ ነው። ሙሽራዋ 26። እርጉዝ ናት። ወሩ ኖቬምበር 1582 ነው። ቢቸኩሉ አይፈረድባቸውም፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ሱዛና ክርስትና የተነሳችው በሚቀጥለው ዓመት ሜይ 26 ነው።

የዉስተር ጳጳስ ጽሕፈት ቤት ሁለት ወረቀት ትቶልናል። ኖቬምበር 27 የተጻፈው ፈቃድ ሙሽራዋን «አን ዌትሊ፣ የቴምፕል ግራፍተን» ይላታል። በማግሥቱ የተጻፈው የዋስትና ውል ደግሞ «አን ሃታዌይ፣ የስትራትፎርድ» ይላል። ሙሽራው አንድ፣ ቀኑ የአንድ ቀን ልዩነት፣ ሙሽራዋ ሁለት! በዚህ ላይ ስንት ተረት ተፈጠረ። አብዛኞቹ አጥኚዎች የሚሉት ቀላል ነው፦ ያን ቀን ያው ጸሐፊ ዌትሊ የሚባል ሰው ያለበትን የአሥራት ክስ ሲመዘግብ ስለነበር ስሙ እጁ ላይ ቀረ። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ከሁለቱ የቱን ማመን ይሻላል? ውሉን። ፈቃዱ ጸሐፊው መጽሐፍ ላይ የጫረው ማስታወሻ ነው። ውሉ ግን አርባ ፓውንድ የሚያስከፍል ዋስትና ነው። ገንዘብ ያለበት ወረቀት ላይ ስም ሲሳሳት ዝም የሚል ዋስ የለም። ይህችን ልማድ ያዙ፤ ሁለት ሰነድ ሲጋጭ የትኛው ላይ የማን ኪስ እንዳለበት ጠይቁ።

የጋብቻ ፈቃድ ጉድለቱ ይታወቃል። ብዙ ድሃ ሰው አልገዛውም። ፈቃድ መኖሩም ሠርጉ ለመፈጸሙ ማረጋገጫ አይሆንም። ግን የተጋቢዎቹን አጥቢያ፣ አንዳንዴ ዕድሜ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዋሶቹን ስም ይሰጣል። የዋስ ስም ወርቅ ነው። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ታያላችሁ።

ኑዛዜ፦ የኔ የመጀመሪያ ምርጫ

አንድ ሰነድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኑዛዜን ነው የምመርጠው። መዝገብ አንድ ሰው በአንድ ቀን አንድ ቦታ እንደነበረ ብቻ ይነግራችኋል። ኑዛዜ ግን ቤተሰቡን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ያሳያል፤ ማን ላም፣ ማን ድስት፣ ማን ምንም እንዳላገኘ።

በዋስትናው ውል ላይ የሙሽራው ዋሶች ሁለት የስትራትፎርድ ገበሬዎች ናቸው፤ ፉልክ ሳንዴልስና ጆን ሪቻርድሰን። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1581፣ ሾተሪ በምትባል ከስትራትፎርድ ጎን ባለች መንደር ሪቻርድ ሃታዌይ የሚባል ገበሬ ኑዛዜ ጽፎ ነበር። የኑዛዜውን አፈጻጸም እንዲከታተሉ ከሾማቸው አንዱ ማን ነው? ሳንዴልስ። ከምስክሮቹስ አንዱ? ሪቻርድሰን። ሟቹ በዚሁ ኑዛዜ ለልጁ በትዳሯ ቀን የሚሰጣት ስድስት ፓውንድ ከአሥራ ሦስት ሺሊንግ ከአራት ፔንስ ትቷል።

ግን ልጁን አግነስ ብሎ ነው የሚጠራት። አን አይልም። ኮምፒውተር ላይ «አን» ብሎ የፈለገ ሰው እዚህ ያመልጠዋል። በዚያ ዘመን አግነስ ሲነበብ ጂው ተውጦ «አነስ» ይመስል ነበርና ሁለቱ ስሞች ይወራረሱ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ያገናኛቸው ስሟ ሳይሆን የዋሶቹ ስም ነው።

ሌላም አለ። ቶማስ ዊቲንግተን የሚባል የሃታዌይ ቤት እረኛ ነበር፤ ሪቻርድ በኑዛዜው ያነሳዋል። ይህ እረኛ በ1601 ሲሞት እሱም ኑዛዜ ተወ። ለስትራትፎርድ ድሆች አርባ ሺሊንግ ይሰጥ ይላል፤ ገንዘቡ ያለውም «በአን ሼክስፒር እጅ» ነው። እረኛው የአሳዳሪውን ልጅ አምኖ ገንዘብ አስቀምጦባታል። የክርስትና መዝገብ የሌላት ሴት በአባቷ ኑዛዜ፣ በዋሶቿ እና በአንድ እረኛ ኑዛዜ ቤቷ ገባች። የራሳችሁን ሰው ኑዛዜ ካጣችሁ የጎረቤቱን፣ የወንድሙን፣ የሠራተኛውን ፈልጉ የምለው ለዚህ ነው።

የባሏ ኑዛዜስ? ማርች 25 ቀን 1616 የተጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው። «ለሚስቴ ሁለተኛውን ምርጥ አልጋ» ይላል። ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም!

አሁን የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚፈለግ። እስከ 1858 ድረስ ኑዛዜ የሚጸድቀው በቤተ ክርስቲያን ነበር። ትንሽ ሀብት ያለው በሊቀ ዲያቆናቱ ችሎት፣ ከፍ ያለው በጳጳሱ፣ በሁለት ሀገረ ስብከት ንብረት ያለው ደግሞ በሊቀ ጳጳሱ ዘንድ፤ ለደቡቡ ካንተርበሪ፣ ለሰሜኑ ዮርክ። የካንተርበሪው ከ1384 ጀምሮ ያለው ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል፤ በስም መፈለግ ይቻላል። ከ1653 እስከ 1660 ባለው ጊዜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ችሎት ተዘግቶ የአገሩ ኑዛዜ ሁሉ ለንደን አንድ ቦታ ነበር የሚጸድቀው። ስለዚህ የአጥቢያው መዝገብ ከሁሉ በከፋበት ዘመን የትንሽ ገበሬ ኑዛዜ እንኳ ኪው ሊገኝ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አይሞክርም።

ጉድለቱን ልናገር። ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መናዘዝ አትችልም፤ ሴቶች የሚናዘዙት ባልቴት ወይም ያላገቡ ከሆኑ ነው። መሬቱን አስቀድሞ የወረሰ የበኩር ልጅ ሳይጠቀስ ሊቀር ይችላል። የዝምድና ቃላቱም ያታልላሉ። ከዛሬው እንግሊዝኛ «የአጎት ልጅ» ብላችሁ የምትተረጉሙት ቃል ያኔ የወንድም ልጅም፣ ሩቅ ዘመድም ነበር። «አማች» የሚመስለው የእንጀራ ልጅ ሊሆን ይችላል። «ታላቁ ጆን» እና «ታናሹ ጆን» አባትና ልጅ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ባንድ መንደር ያሉ ሁለት ጆኖች ናቸው፣ አንዱ ሸምገል ያለ። ወንዱ ሁሉ ጆን፣ ዊሊያም ወይም ቶማስ በሆነበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

ዴቨንና ሶመርሴት ላይ ለምትፈልጉ ደግሞ አሳዛኝ ዜና አለ። በሜይ 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ኤክሰተርን ሲደበድቡ የኑዛዜው መዝገብ ቤት ተቃጠለ። በአካባቢው ችሎቶች የጸደቀው አብዛኛው ኑዛዜ ባንድ ሌሊት አመድ ሆነ። የአማቴ ሰዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ላልተናዘዘ ሰው

ድሃ አይናዘዝም። ግን ድሃ ከሌላ በኩል ወረቀት ላይ ይወጣል፤ አጥቢያው ለሱ ገንዘብ ላለማውጣት ሲከራከር። የ1601 ሕግ ድሃን መርዳት የአጥቢያው ግዴታ ነው አለ። የ1662 ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የየት አጥቢያ እንደሆነ ይለይ ብሎ፣ የሌላ አጥቢያ ድሃ ወደ መጣበት እንዲመለስ ፈቀደ። ስለዚህ ዳኞች ተቀምጠው ይጠይቁ ነበር፦ የት ተወለድክ? የት ተቀጠርክ? አባትህ የት ነበር? መልሱ ይጻፋል። ሀብታሙ ያልተወውን የሕይወት ታሪክ ድሃው ትቶ ያለፈበት ጊዜ ብዙ ነው። ቅድመ አያታችሁ ከየትም ሳይታሰብ አጥቢያው ውስጥ ብቅ ካለ፣ ከኑዛዜ በፊት ይህን ሞክሩ። አብዛኛው ግን ከ1660ዎቹ ወዲህ ያለ ነው።

በመካከል ያለው ጭሰኛው ነው። ለእሱ የባለርስቱ የችሎት ጥቅልል አለ። አንዳንድ ጭሰኛ መሬቱን የሚይዘው በዚያ ችሎት መዝገብ ነበር። ሲሞት የሠፈሩ ሽማግሌዎች ችሎቱ ላይ ቆመው እገሌ ሞተ፣ ወራሹ ልጁ እገሌ ነው፣ ዕድሜው ይህን ያህል ነው ይላሉ። ባለርስቱም ከሟቹ ከብት ምርጡን ይወስዳል። ልጁ መሬቱን ለመረከብ ይከፍላል። አባትና ልጅን ከነዕድሜያቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያስር ሰነድ ከዚህ ሌላ ብዙ የለም። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ እስከ 1733 በላቲን ነው (ከ1651 እስከ 1660 ካለው በቀር)፣ አብዛኛው ኢንተርኔት ላይ የለም፣ አንዳንዱም በባለርስቱ ዘሮች ቤት ነው። የት እንዳለ የሚናገር ዝርዝር ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል።

ሁለቱን ሳወዳድር፣ ሰውየው ከአንድ መንደር ያልተነቀነቀ ገበሬ ከሆነ ጥቅልሉን፣ ከቦታ ቦታ የዞረ ሠራተኛ ከሆነ የድሆቹን ወረቀት እመርጣለሁ።

ስም ዝርዝሮቹ

እነዚህን ቶሎ ልለፍ፤ ጥሩ ረዳት እንጂ ዋና አይሆኑም። በ1642 መጀመሪያ 18 ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ በፓርላማው ትእዛዝ እንዲምል ተደርጎ ስሙ በየአጥቢያው ተጻፈ፤ አልምልም ያለውም ጭምር። ከ1662 እስከ 1689 ደግሞ የምድጃ ግብር ነበር፤ ለአንድ ምድጃ በዓመት ሁለት ሺሊንግ። ማን ስንት ምድጃ እንዳለው ስታዩ ማን ደህና እንደሚኖር ይገባችኋል። ሁለቱም ዝምድና አይናገሩም። የሚጠቅሙት የቤተሰቡ ስም በየትኛው አጥቢያ እንዳለ ለመለየት ነው።

የፍርድ ቤት ምስክርነት ግን ከዚህ ይበልጣል። በተለይ የቤተ ክርስቲያን ችሎቶች ምስክርን ሲቀበሉ ዕድሜውን፣ የሚኖርበትን፣ ብዙ ጊዜም የተወለደበትን ይጠይቁ ነበር። ሼክስፒር ራሱ በ1612 ለንደን ውስጥ በአንድ የጥሎሽ ክርክር ላይ መስክሮ «የስትራትፎርድ ሰው፣ ዕድሜው 48 ወይም በዚያ ገደማ» ተብሏል። ከክርስትናው ጋር ልክ ነው የሚገጥመው። ሌላው ሰው ግን «አርባ ገደማ»፣ «ስልሳ ገደማ» እያለ ነው የሚመልሰው፤ አምስት ዓመት ወዲያና ወዲህ ተዉለት።

ስክሪን ላይ ወይስ መዝገብ ቤት?

ከድረ ገጾቹ ፋሚሊሰርች የሚባለው በነፃ ነው፤ መመዝገብ ብቻ ነው። ፍሪሬግም ነፃ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች መዝገብ እያነበቡ የሚሞሉት። አንሴስትሪና ፋይንድማይፓስት ይከፈልባቸዋል፤ ግን ብዙ የእንግሊዝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ በነፃ ማየት ይቻላል። ሳትከፍሉ የሠፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

የሚለያያቸው ዋጋው ሳይሆን የምታዩት ነገር ነው። ሌላ ሰው አንብቦ የተየበው ስም አለ፤ የገጹ ፎቶ አለ፤ ሰዎች ራሳቸው የሠሩት የቤተሰብ ሐረግ አለ። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚወስድ መንገድ ብቻ ነው። ሦስተኛውን እንደ ወሬ ቁጠሩት። የአማቴ ጆን የመጣው ከዚያ ነው፤ አንድ የማያውቁት ሰው አያይዞት፣ ሌሎች ስምንት ሰዎች ገልብጠውት። ስምንት ሰው የተናገረው እውነት ይመስላል፤ ሁሉም የሰሙት ከአንድ አፍ ቢሆንም።

የገጹን ፎቶ ስታዩ ደግሞ የዘመኑ የጸሐፊ እጅ ይገጥማችኋል። የላቲኑ «ኤች» ከመስመር በታች ጭራ ያወጣል፣ «ኢ» የተገለበጠች ትመስላለች፣ «ሲ» እንደ ዛሬው «አር» ናት። ስሞቹ በላቲን ይጻፋሉ፤ «ያኮቡስ» ስታዩ ጄምስ ነው፣ እኛ ያዕቆብ እንደምንለው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ የሚሰጠው ነፃ የንባብ ትምህርት ድረ ገጹ ላይ አለ፤ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሠርቼበት የአጥቢያ መዝገብ ማንበብ ቻልኩ። የላቲን ጥቅልል ግን አቃተኝ። ለባለሙያ የምከፍለው ለእሱ ነው፤ ያውም ፎቶውን ራሴ አንስቼ ለንባቡ ብቻ። ፍለጋውን በሙሉ በሰዓት ሂሳብ ለሰው መስጠት አንዴ ሞክሬ ገንዘቤን አሥር ገጽ «አልተገኘም» ገዝቼበታለሁ።

የአማቴ ጆን

እንዲህ ነው የደረስንበት። የ1663ቱ ጋብቻ እውነተኛ ነው፤ ገጹን አይተነዋል። ሙሽራው ስለዚህ በ1630ዎቹ ወይም በ1640ዎቹ መጀመሪያ ተወልዷል። ያገባበት አጥቢያ ሕፃኑ ከተቀበረበት ሌላ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን ከ1631 እስከ 1639 ያለው ተቀዷል። የጳጳሱን ቅጂ ፈለግን፤ የሁለት ዓመት ብቻ ተረፈ፤ እሱ የለበትም። ኑዛዜው ኤክሰተር ላይ ተቃጥሏል። ኪውም ሞክረን አጣን። የ1642ቱ የመሐላ ዝርዝር ላይ የዚያ ቤተሰብ ስም ያላቸው ሦስት ወንዶች አሉ። የምድጃ ግብሩ ላይ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቀርቷል፤ ሁለት ምድጃ አለው። ሁለት ምድጃ ያለው ጭሰኛ ከሆነ መሬት ይዟል፤ መሬት ከያዘ ሲሞት ችሎት ፊት ስሙ ተነስቷል።

የችሎቱ ጥቅልል ከ1650ዎቹ እስከ 1680ዎቹ ያለው በአውራጃው መዝገብ ቤት አለ፤ ኢንተርኔት ላይ የለም። አማቴ ሰማያዊውን ፋይል ከፍተው ከ1636ቱ ጆን ጎን በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርገዋል፤ ማጥፋቱን እምቢ ብለዋል። በሚቀጥለው ወር አብረን እንሄዳለን። ቀጠሮውን የያዙት እሳቸው ናቸው። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ብዕር አይፈቀድም፤ ሁለት እርሳስ ቀርጸው ቦርሳቸው ውስጥ ከትተዋል፣ አንዱ ለኔ።